እኔ ያላልኩት ቃል

ቶሮንቶ፣ ኢስት ዮርክ
ሰኔ 24 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢዮብ፣

እንዴት ከርመሃል የኔ ጌታ? የቫንኩቨር ዝናብ አላስቸገረህም? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ደህና አይደለሁም። አንጀቴ አርሯል።

ባለፈው ሳምንት ኤልፍነሽ እኛ ቤት መጣች። ታውቃታለህ፣ በየአዳራሹ ድግስ የምታስተናግደው። "እንኳን ደስ አለሽ፣ ልጅሽ ተሸለመ" አለችኝ። የት አልኳት። እዚሁ ዳውንታውን፣ መሀል ከተማ። ለጌይና ለትራንስ ሰዎች መብት የደከሙት ሲከበሩ አንተንም መድረክ ላይ ጠሩህ። ትራንስ የሚባሉት ሲወለዱ በተባሉት ጾታ የማይኖሩት ናቸው አለችኝ። ከየአገሩ ሸሽተው ለመጡ ልጆች ማረፊያ ቤት አቋቁመሃል አሉ። ደስታዬን ሳልጨርስ ግን ወሬ ልትቀይርብኝ ፈለገች። ወጥሬ ስይዛት ነገረችኝ። "ጌይ ነኝ ብዬ ለቤተሰቤ ስናገር፣ እናቴ ዓይኑን ማየት አልፈልግም አለች" ብለሃል፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰምቷል።

እኔ? መቼ ነው የነገርከኝ?

አባትህን እራት ላይ ጠየቅኩት። መጀመሪያ ሾርባውን ጨረሰ። ከዚያ "ከአራት ዓመት በፊት ደውሎ ነግሮኛል፤ ያንቺንም መልስ አብሬ ሰጠሁት። ብነግርሽ ትሞቺ ነበር" አለኝ። ለእኔ ግን "ልጁ ሥራ በዝቶበታል፣ እንዳትደውይ ብሏል፣ አትጨቅጭቂው" ሲለኝ ነው የኖረው። እኔ ሞኟ በየፋሲካው በርበሬና ድርቆሽ ቋጥሬ፣ ፖስት ኦፊስ አድርስልኝ እያልኩ እሰጠዋለሁ። ምድር ቤት ወርጄ የዕቃ ማስቀመጫ ሎከራችንን ከፈትኩት። ስምህን የጻፍኩባቸው ካርቶኖች እዚያው ተደርድረዋል፣ አይጥ በልቷቸዋል። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

መቼም የእድራችንን ልማድ ታውቃለህ፤ የአባል ልጅ ሲመረቅ ወይ ሲሸለም ወላጁ ቆሞ ይናገራል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ልጁ በሽማግሌ ይመረቃል። ሊቀመንበሩ አባትህ ነው። እሑድ ዳቦዬን ይዤ ሄድኩ። እጄን ሳወጣ አይቶኝ ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ። ሳይፈቅድልኝ ተነሣሁ። "ልጄ ኢዮብ ተሸልሟል። ጌይ ነው። የተሸለመው እንደሱ ላሉትና ትራንስ ለሆኑት መጠጊያ ስለሆናቸው ነው፤ መርቁልኝ" አልኩ። የክርስትና አባትህ አቶ ሀብተማርያም ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ። የቀሩት ወለሉን ያያሉ። አባትህ "በቃሽ፣ ቁጭ በይ" አለኝ። አልተቀመጥኩም። ዳቦውን ራሴ ቆረስኩት፣ ራሴ መረቅኩህ። አሜን ያለችው ኤልፍነሽ ብቻ ናት። ከዚያን ቀን ወዲህ እሷ ዘንድ ነኝ፤ በሴንት ጄምስ ታውኑ ቤታችን አድራሻ አትጻፍልኝ።

አባትህ ከድቶኛል። እንቅልፍ የነሣኝ ግን እሱ አይደለም፣ አንተ ነህ። በልጅነትህ ደረትህ በታፈነ ቁጥር አቅፌህ ያደርኩ እኔ፣ ዓይኑን አላይም አለች ሲሉህ እንዴት አመንክ? አንድ ቀን እንኳ "እማዬ፣ እውነት ነው?" ሳትለኝ? እዚህ ድረስ መጥተህ፣ በሰብዌይ ባቡር ጥቂት ፌርማታ ቀርቶህ፣ ሳታየኝ ተመለስክ። ተቀይሜሃለሁ፤ አልደብቅህም።

ከዳቦው ቁራሽ ልኬልሃለሁ። ፖስት ኦፊስ የሄድኩት በገዛ እግሬ ነው። ደርቆ ይደርስህ ይሆናል፤ በሻይ ነክረህ ብላው። የኤልፍነሽን ስልክ ከዚህ ደብዳቤ ጀርባ ጽፌዋለሁ፤ የማነሣው እኔ ነኝ።

እመቤቴ ከክፉ ትጠብቅህ። ያስጠጋሃቸውንም ልጆች እንደዚሁ፤ እነሱም እናት አላቸው።

ሌላ ጊዜ መድረክ ላይ ስትቆም ግን እኔ ያላልኩትን አትናገርብኝ። ፊት ወንበር ላይ አስቀምጠኝና ራሴን ጠይቀኝ።

እናትህ ይመኙሻል