የተደበቀው መርዶ፦ የወንድማማቾቹ የሂካና የቶሌራ ሰቦቃ የሕይወት ታሪክ

ይህ ጽሑፍ ነገ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ሲነበብ፣ የሟቾቹ እናት ወይዘሮ ጋዲሴ ሰምተው ከአማታቸው ጋር በአንድ ቤት መኖር ይሆንላቸው ይሆን? ጽሑፉን ያዘጋጀችው የልጆቹ የአባት እናት ዓለሚቱ መልሱን አታውቀውም። ቢሆንም የሟች ታሪክ ተቆርጦ አይነበብምና እንደሚከተለው ጽፋለች።

ወጣት ሂካ ሰቦቃ ከአባቱ ከአቶ ሰቦቃ ዲንሳና ከእናቱ ከወይዘሮ ጋዲሴ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1989 ዓ.ም. ቦሌ ለሚ፣ ያኔ ገና የጤፍ ማሳ ሳለ፣ ተወለደ። ታናሹ ቶሌራ በየካቲት 1995 ዓ.ም. ተከተለው። አቶ ሰቦቃ በ2000 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጆቹ በእናትና በአያት እጅ አደጉ። እናት ሾላ ገበያ ድንች ሲሸጡ ይውላሉ፤ አያት ቤት ሆና ስትጨነቅ ትውላለች።

ሂካ አሥረኛ ክፍልን እንደጨረሰ እዚያው ማሳው ላይ በተሠራው ኢንዱስትሪ ፓርክ ተቀጥሮ ሦስት ዓመት የሸሚዝ ኮሌታ ሰፋ። ዝምተኛ ነበር። የተጣመመ ኮሌታ ሲያይ ግን ዝም ማለት አይሆንለትም፤ የእድሩን ዳኛ የአቶ ሽፈራውን ሸሚዝ እንኳ "ጋሼ፣ ይቺ ነገር አላማረችኝም" ብሎ አስወልቆ አቃንቷል። በ2010 ዓ.ም. ወደ ሠራዊቱ ገባ፤ ምክትል አስር አለቃም ሆነ።

ቶሌራ ተጫዋች ነበር። "አኮ" እያለ የሚጠራት አያቱ ደመና ባየች ቁጥር ጃንጥላ ይዛ በር ላይ ስትጠብቀው፣ "አኮ፣ አንቺን ሜትሮሎጂ ቢቀጥርሽ ከተማው በየቀኑ ጎርፍ ነበር" ይላት ነበር። ትምህርቱን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተከታትሏል።

ሂካ መስከረም 2014 ዓ.ም. በሰሜን ግንባር ተሰዋ። መርዶው በጥቅምት እድሩ ዘንድ ደረሰ። ቶሌራ በኅዳር ብሔራዊ ፈተና ነበረበት። አቶ ሽፈራውና ሽማግሌዎቹ "ልጁ ይፈተን፤ ከዚያ በማለዳ ተሰብስበን እናረዳቸዋለን" አሉ። ለአያት ብቻ ነገሯት፤ እሷም ተስማማች። እናትም እንዳይሰሙ ተደረገ።

ልጁ ግን የወንድሙ ስልክ ዝግ ሲሆንበት መጠየቅ አበዛ። ዘመድ የሞተበትን ሰው በአንድ ጊዜ አይነግሩትም፤ መጀመሪያ "ታሟል" ይባላል፣ ቀጥሎ "ጠንቶበታል"፣ ልቡ ሲላመድ መርዶው ይነገረዋል። አያቱም በዚሁ ወግ፣ "ወንድምህ ቆስሎ ተኝቷል፤ እየታከመ ነው። ለእናትህ እንዳትነግር" አለችው። የት እንደተኛ ጠየቃት። "እዚያው ሰሜን" አለችው።

ፈተናው ባለቀ በሦስተኛው ቀን ቶሌራ ጠፋ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለ። ሆስፒታል ለሆስፒታል ዞሮ ወንድሙን አጥቶታል፤ ጦሩ ውስጥ ገብቶ ለመፈለግ ሲል ተመዝግቧል። "አኮ፣ አትጨነቂ፤ ይዤው እመጣለሁ" አላት። ያን ጊዜ እንኳ፣ መርዶ በስልክ አይነገርም ብላ ቃሏን ዋጠችው። ከዚያ ወዲያ ስልኩ አልሠራም።

የሂካ መርዶ ለእናቱ የተነገረው፣ ቶሌራ ይመለሳል ተብሎ ሲጠበቅ ቆይቶ፣ በጥር ነው። ቶሌራ መስከረም 2015 ዓ.ም. በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ተሰዋ፤ የሞቱ ማረጋገጫ ለቤተሰቡ የደረሰው ግን ዘግይቶ፣ በዚህ በ2017 ዓ.ም. ነው። እናቱ ልጃቸው እንደ እኩዮቹ የዘመቻ ጥሪ ሰምቶ የሄደ ይመስላቸው ነበር። ሂካ ቆስሏል ተብሎ ለቶሌራ መነገሩን የሚያውቅ ከአያቱ በቀር ማንም አልነበረም።

ሁለቱም አላገቡም፤ አልወለዱም። አስከሬናቸው አልመጣም፤ የነገው ፍትሐት በስማቸው የሚደረግ ነው። እናታቸው፣ አያታቸውና እህታቸው ፌናን በሕይወት አሉ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን አንዱ ሌላውን ፍለጋ ከማይንከራተትበት ስፍራ ያሳርፍልን። አሜን።

ይህን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት እንዳይሰሙት ተብሎ፣ ጽሑፉ ለወይዘሮ ጋዲሴ ዛሬ ከሰዓት በኋላ እቤት ተነበበላቸው። ያነበበችው ፌናን ናት። ስትጨርስ "እማዬ፣ ይሄ የመቁሰሉ ነገር ይሰረዝ?" ብላ ጠየቀቻቸው። ወይዘሮ ጋዲሴ ወረቀቱን ተቀብለው፣ አንዲት መስመር ሳያሰርዙ፣ አጣጥፈው ለአማታቸው ሰጡ። ከዚያ ነጠላቸውን አንሥተው ከቤት ወጡ።