የኩባንያው ሱቅ ወለል

ይድረስ ለወዳጄ ለቶይቮ፤

በታላቅ ሐዘን የምገልጽልህ የፖርትላንድን ከተማ ማቁሰሌን ነው። ግንድ ስንቆርጥ የምናደርገውን ባለምስማር ጫማ ሳላወልቅ ትልቅ ሱቅ ገባሁ። «አንተ! ወለሌን ወንፊት አደረግኸው እኮ!» አለ ሻጩ። «ጋሼ፣ እኛ አገር ወለሉ ያልተበሳ ሱቅ ገበያ የለውም ማለት ነው» ስለው ገፍትሮ አስወጣኝ።

ያኔ እዚያ አገር ቤት ያለው የእንጨት ኩባንያችን ሱቅ ናፈቀኝ። ከምድጃው አጠገብ ያሉትን ቀዳዳዎች የበሳው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አባቴ ነው፤ ሃያ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ በባለምስማር ጫማው እዚያ ቆሞ ሲያወራ። ከእሱ የቀረኝ ያ ብቻ ነው። ወለሉን ሊቀይሩት ነው የሚባለው እውነት ነው? እሱ የበሳትን ሳንቃ ማገዶ ሳያደርጓት ደብቅልኝ፣ አንተ ሰነፍ!

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ እናቴን ሳምልኝ። ፖርትላንድም ትድናለች፤ ጠቅላላ ቁስሏ ስድስት ትንንሽ ቀዳዳ ነው።

አርቪድ