የቆረጥኳቸው ሦስት መስመሮች

ውድ ሚጡ፣

ስልኬን አላነሳ ስላልሽ በእጄ ጻፍኩልሽ። አትስጊ፣ ይሄኛው ዓምድ ለምጽፍበት መጽሔት አይደለም። ወሬ ካገኘሁ እናታችንንም እንደማልምር ታውቂያለሽ፤ ዛሬ ግን የማወራው የራሴን ጉድ ነው።

ፒሲኦኤስ የሚሉት የሆርሞን መዛባት አለብሽ ተብለሽ፣ የወር አበባሽ ለወራት ሲቀርና አገጭሽ ላይ ፀጉር ሲበቅል፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር ቆልፈን ወረንጦ የማቀብልሽ እኔ ነበርኩ። ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስምለሽኛል።

ከዚያ ስለ ፕሮባዮቲክ፣ ማለት ሆድ ውስጥ የሚኖሩትን ጥሩ ባክቴሪያዎች ስለያዘው እንክብል፣ ልጽፍ አንዲት የማህፀን ሐኪም አነጋገርኩ። ሐኪሟ ስትፈራ ስትቸር፣ ለዚህ ሕመም ይረዳ ይሆናል የሚሉ ጥናቶች ቢኖሩም ገና ትንንሽ እንደሆኑ፣ እንክብሉ ቢወሰድም ከመድኃኒቱ ጋር እንጂ በመድኃኒቱ ፋንታ እንዳልሆነ ነገረችኝ። ጻፍኩት። አዘጋጁ ግን ገጹ ጠቧል፣ ሦስት መስመር ቀንሺ አለኝ። ወይ የሐኪሟ ማስጠንቀቂያ ይቆረጥ፣ ወይ ፂም ያበቀለች ሚስት ከባሏ ጋር ምላጭ የምትሻማበት ቀልዴ። ቀልዱን ከየት እንዳመጣሁት አንቺ ታውቂያለሽ።

ሐኪሟን ቆረጥኳት።

አዘጋጁ ሳቀ፣ አንባቢውም ሳቀ። አንቺ ግን ቀልዱን ዋጥ አድርገሽ ምክሩን ያዝሽ፤ ኪኒንሽን መሳቢያ ውስጥ ከተሽ አምስት ወር ሙሉ እንክብሉን ብቻ ወሰድሽ። የወር አበባሽ ጠፍቶ ጠፍቶ፣ የመጣ ለታ አልቆም ብሎ ስፌት መኪናሽ ሥር ወደቅሽ።

ሆስፒታል ስደርስ ደም ተሰቅሎልሻል። እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ሳታማክሪኝ ለምን መድኃኒት ታቆሚያለሽ ብዬ ተቆጣሁ።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ የጻፍሽው፣ እትዬ? ሐኪሜን በዓመት አንዴ ነው የማያት። አንቺን ግን አምንሻለሁ» አልሽኝ። ወደ ግድግዳው ዞረሽ ደግሞ፣ «ምላጩን ግን ባትጽፊው ጥሩ ነበር።»

ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገ በሚወጣው ዓምዴ ቀልድ የለም። የሐኪሟ ሦስት መስመር ከላይ፣ የቆረጥኩት እኔ መሆኔ ከሥር። አዘጋጁ ራስሽን አታዋርጂ ቢለኝ፣ ቦታ ከጠበበህ ፎቶዬን ቁረጠው አልኩት። ስላንቺ አንዲት ቃል የለችበትም።

ማክሰኞ ቀጠሮሽ ነው። አብሬሽ እንድገባ ባትፈቅጂም ኮሪደሩ ላይ እቀመጣለሁ። ደብተር አልይዝም።

አፏን መያዝ ያቃታት እትዬሽ