የጫልቱ ፎጣ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለታዲዮስ፤

የጌታ ሰላም ያለህበት ሚዛን ድረስ ይምጣልህ። እንዴት ከርመሃል? ያ ወባ ተወህ ወይስ ተመልሶ ተነሳብህ? ማራኪና ልጃችሁስ ደህና ናቸው? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ሻል ብሏታል፤ ያንተ ስም ሲነሳማ እንደ ልጅ ትዘላለች። ይህን የምጽፍልህን በስልክ ያልነገርኩህም እሷ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው።

የግቢያችን ጫልቱ ጌታን ተቀበለች። አዎ፣ ያቺው ፊትህ ላይ በር የምትዘጋው ጫልቱ! አንተ ስለ ፍርድ ቀን ስትመሰክርላት ድምፅህ አስኮ ድረስ ይሰማ ነበር፤ እሷ ደግሞ ሬዲዮዋን ከፍ ታደርግ ነበር።

በግንቦት የወንድሟ መርዶ መጣ። አገር ቤት በተነሳው ግርግር ነው የሞተው። የቤተ ክርስቲያናችን እህቶች መጥተው፣ ዓለም ወደ ፍርድ እየሄደች ነው ብለዋት ሄዱ። እኔ ግን አብሬያት ፍራሽ ላይ ተቀመጥኩ። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላም እዚያው እያደርኩ ሰነበትኩ። አንድ ቀን ራሷ፣ «ወንድሜን የገደሉትን አምላክሽ ይጠይቃቸዋል?» አለችኝ። ይጠይቃል አልኳት። «እኔንስ? ስረግማቸው ነው የከረምኩት» አለች። አንቺንም፣ እኔንም አልኳት። ብዙ አለቀሰች፤ ከዚያ፣ «እንግዲያው ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ አብሬሽ ልሂድ» አለችኝ።

ለእማዬ ስነግራት ምን አለች መሰለህ? እልልታዋን አቅልጣ፣ «የታዲዮስ ዘር በቀለ!» መጋቢ ቀለመወርቅም እሁድ መድረክ ላይ ያንኑ ደገሙት። ጉባኤው አጨበጨበ፤ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ወንድሜ፣ ቀንቻለሁ። አዝዬ ባሳደግኩት ልጅ ቀናሁ! ለጌታም ነግሬዋለሁ፣ ገና አልለቀቀኝም። አንተ ሄደህ ወንጌላዊ ተባልክ፤ እኔ እማዬን እያጠብኩ ቀረሁ፤ ማን ስሜን አንስቶ ያውቃል?

አሁን ደግሞ የባሰው መጣ። እኛ ጋ ተጠማቂው ከውሃ ሲወጣ ፎጣ ዘርግቶ የሚቀበለው ወደ ጌታ ያመጣው ሰው አይደል? የጫልቱ ጥምቀት ለወሩ መጨረሻ እሁድ ተይዞ ሳለ፣ እማዬ አንተ መጥተህ ፎጣውን እስክትይዝ ይቆይ ብላ መጋቢውን ለመነች። እሳቸውም ታዲዮስ እመጣለሁ ካለ ይሁን አሉ። ጫልቱን የጠየቃት የለም።

ስለዚህ ለመጋቢው ደውልላቸውና ፎጣውን እህቴ ትያዝ በላቸው። ካንተ አፍ ካልሰሙ አያምኑም። ከዚያ በኋላ ና፤ ዶሮ እሠራልሃለሁ፣ አልጋዬንም እለቅልሃለሁ። በመጨረሻው ቀን ጌታ ማን ምን እንደሠራ ያውቃል፤ ለዚያ አልሰጋም። የምሰጋው ለጥምቀቷ እሁድ ነው።

ማራኪን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። ቀዳማዊን ጉንጩን ሳምልኝ፣ አክስትህ ናፍቃሃለች በለው። እማዬ አገላብጣ ትስምሃለች። ጫልቱም በሩን ስለዘጋሁበት ይቅር ይበለኝ ብላለች።

ፎጣውን ገዝቼዋለሁ። አጥቤ አጥፌ ትራሴ ሥር አስቀምጬዋለሁ።

እህትህ ኮከብ
ኮልፌ ቀራኒዮ፣ 18 ማዞሪያ
ሐምሌ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.