ጋናችን ዝም ያለበት ሳምንት

ሰኞ

በታላቅ ሐዘን ይገለጻል፦ የቢጫው ጀሪካን ክዳን ዛሬ ከምንጭ ስንመለስ ጠፍቷል። ሰባት ዓመት በታማኝነት አገልግሏል። አህያዋ ተጠይቃ መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆነችም።

ክዳኑ ባይጠፋ ኖሮ ታላቁ ሐሳብ ባልመጣልኝ። ክዳን የሌለው ጀሪካን በአህያ ጀርባ ውሃ አያደርስም። እዚህ ደባርቅ የቧንቧ ውሃ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አለፈው። ባለቤቴ ትርንጎ ደግሞ አረቄ አውጪ ናት። የእኅቷ ልጅ በሚመጣው ሳምንት እሑድ ዳባት ላይ ትዳራለች፤ የሠርጉ አረቄ በሙሉ በትርንጎ ላይ ነው። ካልደረሰ የሙሽራው አክስት ወይዘሮ የሺ የራሳቸውን ይቀዳሉ። ትርንጎ ያን ከምታይ ብትመንን ይሻላታል።

አረቄው ከወጣ በኋላ ማሰሮው ውስጥ አተላ ይቀራል። ወፍራሙም ቀጭኑም ለጎረቤታችን ለመሪጌታ በሬ ነበር የሚሄደው። ባለፈው ዙር ቀጭኑን አጥልለን፣ ከምንጭ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ አድርገን ብንደፈድፍበት፣ ድፍድፉ ከወትሮው በአንድ ቀን ቀድሞ ፈላ። ስለዚህ ዛሬ ወሰንሁ፦ ሙሉ በሙሉ በአተላው ውሃ! ከምንጭ አንዲት ጠብታ የለችበትም።

«ኧረ ጸሐፊው፣ ተው» አለች። ቀበሌ ቃለ ጉባኤ እጽፍ ስለነበር፣ ነገሬ ሲከፋት እንዲህ ነው የምትጠራኝ።

«ግማሹ እንዲህ ካደረገ ሙሉው ምን ሊያደርግ ነው?» አልኋት።

«እኔም የፈራሁት እሱን ነው» አለች። እኔ ግን ደፈደፍሁት።

ለታሪክ ይመዝገብ፦ በዚህ ግቢ ውሃን መልሶ መጠቀም የጀመርሁት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ

የመሪጌታ በሬ በራችን ላይ ቆሟል። ጥያቄው ግልጽ ነው። መሪጌታም ተከትለው መጡ።

«ምነው ልጄ፣ እንስሳው ምን በደለ?»

«መሪጌታ፣ ወፍራሙን እኮ ሰጥተናል። ውሃው ለልማት ተፈልጎ ነው።»

«በሬ ልማት አያውቅም። የለመደውን ነው የሚያውቀው።»

በሬው በአቋሙ ጸንቶ ዋለ። ጋኑ ጸጥ ብሏል። ገና ነው።

ረቡዕ

ጆሮዬን ጋኑ ላይ ለጠፍሁ። ደህና ድፍድፍ በሦስተኛው ቀን እንደ ዝናብ ይንሿሿል። ይሄ ዝም።

የተጠረጠሩ፦ ከተራራው የሚወርደው ብርድ። የከረመው ጌሾ። የበሬው ዓይን።

ጋቢዬን አውልቄ ጋኑን ጠቀለልሁት። ውጤት፦ ጋኑ ዝም፣ እኔ ጉንፋን።

ሐሙስ

ትርንጎ ሳታይ ጌሾ ጨመርሁ። ዝም። ያው ጋን፣ ያው ብቅል፣ ያው አተላ። ባለፈው ያፈላ ውሃ ዛሬ ምን ነካው? ጨርሶ አልገባኝም። በሬውን ከተጠርጣሪዎች ሰረዝሁት፤ ወዲያው መልሼ ጻፍሁት።

ወይዘሮ የሺ ከዳባት ደወሉ። «አረቄው እንዴት ነው? ከቸገራችሁ እኛ ዘንድ ሞልቷል።»

«ኧረ እየፈላ ነው!» ብላ ትርንጎ ዘጋችባቸው። ከዚያ አየችኝ። ያን አስተያየት በቃለ ጉባኤ ማስፈር አይቻልም።

ዓርብ

ትርንጎ ጣቷን ነክራ ቀመሰች። ፊቷ ተጨማደደ።

«ይሄማ ኮምጣጤ ነው! ውሃው ባለፈው ኮምጥጦ ወጣ። መልሰህ ብቻውን ከተትኸው። እርሾው በምን ይኑርበት? ሰው በእጣቢው ደጋግሞ ቢታጠብ ይጠራል?»

«ግማሹ ግን ሠርቶ...»

«ግማሹ የሠራው ሌላው ግማሽ ንጹሕ ስለነበረ ነዋ!»

ግማሹን ቀድታ ለበሬው ሰጠችው። በሬው ሰልፉን በድል አጠናቀቀ። እኔ ከምንጭ ውሃ ላመጣ ወደ አህያዋ ስሮጥ «የት ነው?» ብላ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ሁለት በርሜል ኩልል ያለ ውሃ ተቀምጧል።

«ከየት መጣ?»

«አረቄው ሲወጣ እንፋሎቱ እንዲቀዘቅዝ መቀበያው የሚነከርበት ነው። ሲሞቅ እቀዳና እዚህ አኖረዋለሁ፤ የደባርቅ ብርድ አሳድሮ ያቀዘቅዘዋል፤ መልሼ እነክርበታለሁ። ምንም አይገባበትም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተጋባን ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስብሰባ ትጠራበታለህ ብዬ።»

ከበርሜሉ ቀድታ ጋኑን አቀጠነች፤ አዲስ ጥንስስም ጨመረችበት። የጎደለውን በርሜል እኔ ከምንጭ ሞላሁ። ሦስት ምልልስ፣ ያለ ክዳን። ግማሹ መንገድ ላይ ፈሰሰ።

ቅዳሜ

በማለዳ ጆሮዬን ለጠፍሁ። የሆነ ነገር አለ። ጋኑ ይሁን ጉንፋኔ አልለየሁትም። ትርንጎን ጠራኋት፤ በወዲያ በኩል ጆሮዋን ለጠፈች።

«ሰማሽ?»

«ዝም በል እስቲ፤ አንተ ስታወራ ምኑን ልስማው!»

ዝም አልሁ። በትዳራችን ብዙ ጊዜ ያልታየ ነገር ነው።

«ይንሿሿል» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። ለሠርጉ ይድረስ አይድረስ ገና አላወቅንም። ወይዘሮ የሺ ግን ሁለት ጊዜ ደውለዋል።

ማረሚያ፦ ሰኞ ዕለት «በዚህ ግቢ ውሃን መልሶ መጠቀም የጀመርሁት እኔ ነኝ» ተብሎ የተመዘገበው ስህተት ሆኖ ስለተገኘ፣ «የጀመረችው ወይዘሮ ትርንጎ ናት፤ ጸሐፊው ጀሪካን ያመላልስ ነበር» ተብሎ ይነበብ። እንዲሁም ጋቢው ከጋኑ ላይ ሲፈታ የጀሪካኑ ክዳን በጫፉ ተቋጥሮ ተገኝቷል። አህያዋ በይፋ ይቅርታ ተጠይቃለች።