ኦቨን ውስጥ የቀለጠው የመኪናህ መብራት

ወንድሜ፣

ኦቨኑን እንዳታበራው። የቻልኩትን በቢላ ፍቄያለሁ፣ ግን ገና አልጸዳም።

ትናንት የሸተተህ የጎረቤት ቆሻሻ አልነበረም። እኔ ነኝ።

የመኪናህን የፊት መብራቶች ፈትቼ የፕላስቲክ ማቀፊያቸውን ጥቁር ቀለም ልቀባልህ ነበር። ቀለም ሻጩ፣ "ይሄ የዱቄት ቀለም እሳት ካላየ አይይዝም፣ ለብረት ነው። ለፕላስቲክ የሚረጨውን ውሰድ" ብሎኝ ነበር። አልሰማሁትም። ሁሌ "አንተ የጀመርከው ነገር አያምርም" ስለምትለኝ፣ አንዴ እንኳን ከፋብሪካ የወጣ የሚመስል ሥራ ላሳይህ ብዬ ኦቨን ውስጥ ከተትኳቸው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቀልጠው ፍርግርጉ ላይ ተንጠባጠቡ።

መኪናዋን ሸራ ያለበስኳት ለአቧራ ብዬ አይደለም።

ስትገባ "ልብስ ሰፊዋ እትዬ ቆሻሻ እያቃጠሉ ነው መሰለኝ" አልኩህ። በራቸው ድረስ ሄደህ ትቆጣቸዋለህ ብዬ አላሰብኩም። "ይቅርታ ልጄ፣ ምናልባት ካውያዬ ይሆናል" ሲሉህ በመስኮት ሰማሁ። ወጥቼ እውነቱን በመናገር ፈንታ መስኮቱን ዘጋሁት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ "ካውያዬ ሳይበላሽብኝ አልቀረም" ብለው ደንበኛ ሲመልሱ አየሁ።

አሁን አሮጌ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሄጄ ማቀፊያ እፈልጋለሁ። እስከዚያ መኪናዋን እንዳታንቀሳቅሳት።

እትዬ በር ላይ ሁለቴ ደርሼ ተመልሻለሁ። ስመጣ አንኳኳለሁ። እባክህ አንተ ቀድመህ እንዳትነግራቸው፤ ከእኔው አፍ ይስሙት።