ቀይ ክር ያለው ያክ

አሰለፌ፣ እንደምን ከረምሽ?

እዚህ ተራራ ላይ የክረምት ሥጋ የሚታረድበት ሰሞን ነው። እኛ ለስለት በሬ እናርዳለን፤ እዚህ ግን የስለት ያክ፣ ያ ጠጉራም የተራራ በሬ፣ ጆሮው ላይ ቀይ ክር ይታሰርለታል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን አይታረድም። ጎረቤቴ ያንግዞም ባሏ የታመመ ጊዜ የራሷ ያክ መስሏት ክሩን በጭጋግ ውስጥ አሰረች፤ ለካ ያኩ የሌላው ጎረቤታችን የፑርቡ ኖሯል! ባሏ ዳነ። ፑርቡ ትናንት ሊያርድ ሲመጣ ክሩን አየ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ባልሽን በኔ ሥጋ ነው ያዳንሽው?»

«በሞቴ፣ የኔን ያክ ውሰድ!»

«ያን አጥንት ምን ላድርገው? ግን ባልሽ ግማሹ የኔ ነው፤ ኩበት ይልቀምልኝ!»

ሲያጉረመርም ዋለ። አመሻሽ ላይ ግን የላላውን ክር ራሱ ሲያጠብቅ አየሁት።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። የእማማ ደብሪቱን ጉልበት ሳሚልኝ። ለስለት በሬያቸው ከሳሱለት ቀይ ክር እልክላቸዋለሁ።

ዘነበች